ጎረቤት የሌላት አራስ

*ኢስተን አካባቢ ቅቤውም፣ የገብስ ዱቄቱም፣ አብሹም አይጠፋም። የሚጠፋው ሰኞ ጠዋት አብሯት የሚቀመጥ ሰው ነው።*

በኮሎምበስ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከኢስተን የገበያ ማዕከል ወጥተው ወደ ሞርስ መንገድ ሲታጠፉ የሱቆቹ መብራት ወደ ኋላ ይቀራል፤ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ አፓርታማዎች ይጀምራሉ። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲከፈት ለሸማች የታሰበ ነበር፤ ዙሪያው ግን ከጊዜ በኋላ ብዙ ሐበሻ የሚከራይበት፣ የሚሠራበትና ታክሲ የሚነዳበት ሰፈር ሆነ። ከአፓርታማዎቹ በአንዱ አራስ ካለች ከደረጃው ጀምሮ ይታወቃል። የተነጠረ ቅቤና የተቆላ ቡና ይሸታል። ቡናው ሲጨስ የጭስ ማንቂያው እንዳይጮኽ አንዱ ተሯሩጦ መስኮት ይከፍታል፤ መስኮቱ ሲከፈት ደግሞ ሌላዋ ከሳሎን «ብርድ ይገባባታል፣ ዝጉት!» ትላለች። ሲዘጋ ማንቂያው ይጮኻል።

ቅዳሜና እሑድ ቤቱ ሙሉ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እየተባለ ይገባል። የዳይፐር ካርቶን በበሩ ጥግ ይከመራል፤ ዶሮ ወጥ በድስት፣ አጥሚት በቴርሞስ ይመጣል። ሰኞ ጠዋት ባል ወደ መጋዘኑ ወይም ወደ መኪናው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የሚቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ገና አንገቱን አላጠናም፣ ሌላዋ ገና ወገቧ አልጠናም።

የዚህ ዘገባ ጉዳይ ያ ሰኞ ነው።

## እሳት የማትነካበት ጊዜ

በአማራ አገር በደንቡ ሴት የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ሄዳ ትወልዳለች፤ መሄድ ካልቻለች እናት ትመጣላታለች። ልጁ ሲወለድ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ቍጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ለሴት ለምን እንደሚያንስ የሚጠይቁም አሁን አሁን በርክተዋል። ገንፎ ይገነፋል፤ ምጡን ሲጠብቁ ያደሩት ሴቶች ከበው በልተው ይመርቃሉ። አራሷ ወገቧን በመቀነት ታስራ ትተኛለች። ውኃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚለቅመው፣ እንጀራ የሚጋግረው ሌላ ነው። እርሷ ታጠባለች፣ ትበላለች፣ ታርፋለች።

ኦርቶዶክሳዊት እናት እስከ ክርስትናው ድረስ፣ ለወንድ ልጅ አርባ፣ ለሴት ልጅ ሰማንያ ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ቍጥሩ ከኦሪት ዘሌዋውያን ጋር ይያያዛል፤ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በአርባኛው፣ ሔዋን በሰማንያኛው ቀን ወደ ገነት እንደገቡ ይተርካል። ሙስሊሟ እናት እስከ አርባ ቀን ከሶላትና ከጾም ነፃ ናት። በኦሮሞ ዘንድ በአምስተኛው ቀን ሴቶች ተሰብስበው ሸነን ያደርጋሉ። ሃይማኖቱና ቋንቋው ይለያይ እንጂ አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ አራስነት የታወቀ ርዝመትና የታወቀ ሠራተኛ ያለው ወቅት ነው። ማን ምን እንደሚሠራ ስብሰባ አይጠራበትም።

> እረፍቱ በሰው ደግነት ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ሊነፈጋት ይችል ነበር። ሥርዓት ስለሆነ ግን አማቷም «ተነሺ» አትላትም።

ይህን ስንል የድሮውን ሁሉ ማር አድርገን ለመሳል አይደለም። ድሃ ቤት ያለች አራስ አርባ ቀን ሳይሞላት ማጀት ትመለስ ነበር፤ ዛሬም ትመለሳለች። ደም ሲበዛባት «የወሊድ ነው» እየተባለ በተዘጋ ቤት ውስጥ ያለፈች እናት በየቀዬው አለች። እንገሩ ለሕፃኑ አይበጅም ተብሎ እየታለበ ይደፋ ነበር፤ ጨቅላው ቅቤ ይላስ ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብርን ከጀመረ በኋላ ባለሙያዎቹ ቤት ለቤት ሲታገሉ የኖሩት ከነዚህ ልማዶች ጋር ነው። ከልምዳቸው አንዱን መጥቀስ ይገባል። በርካታ ጤና ጣቢያዎች እናቶች ቤታቸው መውለድን እንዲተዉ ያግባቡት ገንፎውንና ቡናውን ወደ ግቢያቸው በማስገባት ነው። ሴቶቹ የፈሩት ሐኪሙን ብቻ አልነበረም፤ ያለ ገንፎና ያለ ሰው መውለድንም ነበር።

## የ12 ሳምንት ስሌት

አዲስ አበባ ባንክ ትሠራ የነበረች ሴት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ታገኛለች። ይህችው ሴት ኮሎምበስ መጥታ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስታሽግ ሁኔታው ሌላ ነው። አሜሪካ የግል ድርጅት ሠራተኞችን ሁሉ የሚያካትት፣ ደመወዝ የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ በፌዴራል ሕግ የላትም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ 12 ሳምንት ይሰጣል፤ ያለ ደመወዝ። እርሱም ቢሆን ድርጅቱ ቢያንስ 50 ሠራተኛ ሊኖረው፣ እርሷም 12 ወር የቆየችና በዚያው ዓመት 1,250 ሰዓት የሠራች ልትሆን ይገባል።

ሥራውን ለሚያውቀው መሰናክሉ ግልጽ ነው። አዲስ መጤ ብዙ ጊዜ በኤጀንሲ ይቀጠራል፣ የተሻለ የሰዓት ክፍያ ሲያገኝ ይቀይራል። ሁለት ዶላር ጨምረውላት በስድስተኛው ወር ሥራ የለወጠች ነፍሰ ጡር፣ ሳታስበው የፈቃድ መብቷን ወደ ዜሮ መልሳዋለች። መብቱ ያላትም ብትሆን ኪራይ አይጠብቅም። ስለዚህ ብዙዎቹ በስድስተኛው፣ በስምንተኛው ሳምንት ይመለሳሉ። ለሴት ልጅ ክርስትና ሰማንያ ቀን የምትጠብቅ እናት ሥራ የገባችው ልጇ ሳትጠመቅ ነው።

ከዚህ ሕግ ውስጥ ባሎች እምብዛም የማያነሱት ክፍል አለ። 12 ሳምንቱ ለአባትም ይሠራል። መስፈርቱን ያሟላ አባት ልጁ በተወለደ በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ ይህን የጠየቀ ሠራተኛ ደግሞ በመጠየቁ ሊባረር አይችልም። ያልተከፈለ ፈቃድ ቅንጦት ነው የሚል አባት ይኖራል፤ ስሌቱ ልክ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት እንኳ ግን ከዜሮ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የጸደቀ ሌላ ሕግ ደግሞ ወደ ሥራ የተመለሰች እናት እስከ አንድ ዓመት ድረስ ወተቷን የምታልብበት የእረፍት ጊዜና ሽንት ቤት ያልሆነ የተከለለ ቦታ እንድታገኝ ያዛል። መጸዳጃ ቤት ቆመው ሲያልቡ የኖሩ እናቶች ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ አያምኑም።

«እናቴ ትመጣለች» የሚለው ተስፋም አለ። ቪዛው ከተገኘ ነው። ካልተገኘ አያት ልጁን የምታየው በስልክ ነው፤ ምክሩም በስልክ ይመጣል፣ ድስቱን የሚያማስል እጅ ግን በስልክ አይመጣም። ስትመጣም መኪና አትነዳም፣ የበር ደወል ሲጮኽ ትደነግጣለች፣ ክረምት ከሆነ ወራቱን ሙሉ ከአራሷ ጋር አብራ ትታሰራለች። አንዳንድ ልጆች ሁለተኛ አራስ የመጣችብን መሰለን ይላሉ፤ በፍቅር ነው የሚሉት፣ ግን ይላሉ።

## የመጀመሪያው ግጭት በረዶ ነው

የኮሎምበስ ሆስፒታሎች ወላዷን በደህና ከወለደች ሁለት ቀን፣ በቀዶ ጥገና ከሆነ ሦስት አራት ቀን ያቆያሉ። እዚያ ከሚገጥማት ሁሉ የሚያስደነግጣት ነርሷ ፈገግ ብላ የምታመጣው በበረዶ የተሞላ ውኃ ነው። ለቁስሉም የበረዶ እሽግ ይሰጣታል። አገር ቤት «ብርድ እንዳይመታሽ» ተብላ ያደገች ሴት አልጋው ላይ ሆና ይህን ታያለች። በረዶው እብጠትና ሕመም ስለሚቀንስ ለቁስሉ ይጠቅማል፤ ለሚጠጣው ግን ሙቅ ውኃ መጠየቅ ነውር የለውም። የለመዱት ቴርሞሳቸውን ይዘው ይገባሉ።

ከልማዱ ምኑ ይቀጥል ለሚለው ጥያቄ መልሱ አብዛኛው ነው። ገንፎው ጉልበት ይሰጣል፣ አጥሚቱ ፈሳሽ ነው፣ ተልባው ከወሊድ በኋላ የሚያስቸግረውን ድርቀት ያላላል። አብሽ ወተት ይጨምራል የሚለው ማስረጃው ደካማ ነው፤ የስኳር ሕመም ያለባት ከመጠጣቷ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ። መተው ያለበት ሳይነሱ መተኛት ነው። በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ ደም የመርጋት ዕድሉ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከሳሎን እስከ ማጀት፣ ቆይቶም እስከ ደጅ መራመድ ያስፈልጋል። ጨቅላውም ከእናቱ ጡት በቀር ቅቤም ውኃም አይቅመስ። የጠዋት ፀሐይ የማሞቅ ልማዳችን በኦሃዮ ጥር አይሠራም፤ እዚህ የሕፃናት ሐኪሞች ጡት ለሚጠባ ልጅ በቀን 400 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ ያዛሉ።

ስለ ልጁ ብዙ ቀጠሮ አለ፤ ስለ እናቲቱ ግን ለረጅም ዘመን የነበረው አንድ ብቻ ነው፣ በስድስተኛው ሳምንት። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ አይበቃም ብሎ ምክሩን ቀየረ። እናቲቱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ውስጥ እንድትጠየቅ፣ ሙሉ ምርመራውም እስከ 12 ሳምንት እንዲጠናቀቅ ይመክራል። ምክንያቱ ከባድ ነው። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 የነበሩትን ከእርግዝና ጋር የተያያዙ ሞቶች ሲመረምር፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የደረሱት ከወሊድ ሰባት ቀን በኋላ እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ መሆኑን አገኘ፤ ከአምስቱ ሞቶች አራቱን መከላከል ይቻል ነበር።

> ጠያቂው ሲወጣ፣ ስልኩ ሲቀንስ፣ ሁሉም «አሁንማ በረታች» ሲል፤ አደጋው ያኔም አልሄደም።

እዚህ ላይ ልማድና ሕክምና በትክክል መነጋገር አለባቸው። የማይለቅ ራስ ምታትና የዓይን መደብዘዝ በእኛ ቤት «ምች ነው»፣ «እንቅልፍ አጥታ ነው» ይባላል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ይችላል። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት የሚያርስ ደም፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ የአንድ እግር እብጠትና ሕመም፣ የደረት ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር፤ ለእነዚህ አጥሚት አይፈላም፣ መኪና ይነሣል። የድንገተኛ ክፍል ሠራተኛ ፊት ላይ አይቶ አራስ መሆኗን ስለማያውቅ ገና ስትገባ «ከወለድኩ ይህን ያህል ሳምንት ነው» ማለት አለባት። አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላት፤ የአሥር ዓመት ልጇ የእናቱን ደም መፍሰስ እንዲተረጉም አይጠበቅበትም።

የገንዘቡ ነገር በአንድ በኩል ቀሏል። ኦሃዮ በሜዲኬይድ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ የወለደች እናት ሽፋን ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ብቻ የነበረውን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ወደ 12 ወር አራዝማለች። ሽፋኑ አልቋል ብለው ሕመማቸውን ይዘው የተቀመጡ እናቶች ካሉ ደውለው ያረጋግጡ።

## «ልጅ አግኝተሽ ምን ያስለቅስሻል?»

ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስ፣ መነጫነጭ፣ ሆድ መባስ ብዙ እናቶችን ይነካል፤ ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ካልለቀቀ፣ እየከፋ ከሄደ፣ ልጁ ተኝቶም እርሷ እንቅልፍ ካጣች፣ ልጁን ማቀፍ ከከበዳት ድባቴ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ከስምንት ወላዶች አንዷ ገደማ ምልክቶቹ እንዳሉባት ትናገራለች። የእኛ እናቶች በዚህ ስም አይጠሩትም። ጭንቅ ጭንቅ አለኝ፣ ልቤን አፈነኝ፣ ሰውነቴ ዛለ ይላሉ።

ትልልቆቹ ሴቶች ሲሰሙ የሚመልሱት ይህን ንዑስ ርዕስ ነው። ክፋት የለበትም፤ እነርሱ የወለዱት አሥር ሴት በተሰበሰበበት ቤት ነው፣ ስለዚህ ብቻ መሆን ምን እንደሚያደርግ አላዩም። ይሁን እንጂ አገር ቤትም ችግሩ የለም ማለት አይደለም። በቡታጅራ ገጠር ለዓመታት የተካሄዱት ጥናቶች ሰው የከበባቸው እናቶችም እንደሚጨነቁ አሳይተዋል። እዚያው ሲሞከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ኤድንብራ ውስጥ የተዘጋጀው፣ ዛሬ በየክሊኒኩ የሚሞላው የ10 ጥያቄ ቅጽ ገጠሪቷን እናት በደንብ መለየት አልቻለም፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የተሻለ ሠራ። ኮሎምበስ ላይ ይህንኑ ቅጽ በታብሌት የምትሞላ ሐበሻ እናት ብዙ ጊዜ ሁሉንም «ደህና ነኝ» ብላ ትመልሳለች። አንድም ያደገችበት ጨዋነት ነው፤ አንድም «ልጄን ይወስዱብኛል» የሚል ፍርሃት አለ። የእናቶችን ጤና የሚያውቁ ባለሙያዎች ድባቴ አለብኝ ብሎ እርዳታ መጠየቅ ብቻውን ልጅ አያስነጥቅም ይላሉ፤ ይህ በግልጽ መነገር አለበት።

ሕክምናው አለ። ንግግር አለ፣ እያጠቡ የሚወሰዱ መድኃኒቶች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ለዚሁ ሕመም፣ ለ14 ቀን የሚዋጥ የመጀመሪያው እንክብል ተፈቅዷል። ጠበል መጠመቅ ለፈለገችም ሐኪሙ አይከለክላትም፤ አንዱ ሌላውን እንዳያስቀር ብቻ መጠንቀቅ ነው። በ1-833-852-6262 የእናቶች የአእምሮ ጤና መስመር ሌሊትና ቀን ይመልሳል፣ በነፃ፤ በአስተርጓሚም ያነጋግራል። ራሷን ወይም ልጁን ለመጉዳት የምታስብ፣ የሌለ ድምፅ የምትሰማ ወይም ሰው የምትጠራጠር አራስ ግን መስመር አትጠብቅም፤ 911 ይደወልላታል።

## ጎረቤት በደመወዝ

የጎደለውን ሰው ከተማው በራሱ መንገድ ለመተካት እየሞከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ሥር የተጀመረው «ማምስ ቱ ቢ» ነፍሰ ጡሮችንና እናቶችን እስከ ልጁ የመጀመሪያ ዓመት ድረስ በየሳምንቱ ምግብ እያበላ ያገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተቋቋመው «ሴሌብሬት ዋን» ስሙን ያወጣው እያንዳንዱ ሕፃን የመጀመሪያ ልደቱን እንዲያከብር በሚል ምኞት ነው። «ሩት» የተባለው የጥቁር ሴቶች ድርጅት በወሊድ ጊዜና ከዚያ በኋላ አብረው የሚሆኑ «ዱላ» (doula) የሚባሉ ረዳቶችን ያሠለጥናል፤ ኦሃዮ ሜዲኬይድም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የዱላ አገልግሎት ይከፍላል። ከእኛው ወገን እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ተዋሕዶ ማኅበራዊ አገልግሎት አዲስ መጤዎችን ከቢሮና ከቅጽ ጋር ያገናኛል።

ዱላ ሐኪምም አዋላጅም አይደለችም። እጅ ትይዛለች፣ ጡት ሲያስቸግር ታሳያለች፣ «ይህ ደህና ነው፣ ይህ ግን አይደለም» ትላለች፣ አንዳንዴም ሕፃኑን ይዛ እናቲቱን ታስተኛለች። ይህን የምታነብ እናት «ይሄማ አክስቴ ናት» ብትል አትሳሳትም። በኔዘርላንድ ይህ ሥራ የወግ ነው። ከወሊድ በኋላ ለስምንት ቀን ያህል የሠለጠነች ረዳት ቤት ድረስ ትመጣለች፤ ኢንሹራንሱ አብዛኛውን ይሸፍናል፤ እናቲቱንና ልጁን ትከታተላለች፣ ቤቱንም በመጠኑ ታያለች። አያቶቻችን በልማድ ያቆሙትን ኔዘርላንዳውያን በደመወዝ አቁመውታል። እኛ ኮሎምበስ ላይ ሁለቱም ገና አልሞሉልንም፤ ሞልቶ ያለን ቤቢ ሻወር ነው።

> አዳራሽ፣ ፊኛ፣ ፎቶግራፍ አንሺ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ። ሁሉም ከወሊዱ በፊት።

ሻወሩን መንቀፍ ለጸሐፊው ቀላል ነው፤ ወጣቶቹ በስደት ደስታ የሚያዩበት አንድ ቀን መሆኑ አይረሳ። ግን ገንዘቡን አስሉት። የአዳራሹ ኪራይና የጌጡ ዋጋ ለብዙ ቀናት የቤት ረዳት ይቀጥራል፣ ወይም አባት ሁለት ሳምንት ያለ ደመወዝ እንዲቀመጥ ያደርጋል። ከስጦታ ዝርዝሩ ላይ ሦስተኛውን የሕፃን ጋሪ ሰርዞ «የአራስ ቤት እርዳታ» ብሎ መጻፍ ማንንም አያሳፍርም።

ጠያቂውም ቢሆን ልምዱን ሊያርም ይገባል። አራስ ልትጠይቅ የመጣች እንግዳ ሁለት ሰዓት ስትቀመጥ፣ አራሷ ተነሥታ ቡና የምታፈላበት፣ እንግዳዋ ሳትመጣ ቤት የምትወለውልበት ጉብኝት እርዳታ አይደለም። ይህን የተረዱ የሰንበቴና የማኅበር ሴቶች አንዳንድ ቦታ በስልክ ቡድን ተራ ማውጣት ጀምረዋል። ማክሰኞ ምግብ የእከሊት ነው፣ ረቡዕ ልብስ አጠባ የእከሊት፣ ሐሙስ ትልቁን ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣ አለ። ከመጡ ሕፃኑን ይይዛሉ፣ እናቲቱን «ግቢ ተኚ» ይሏታል፣ ሳህናቸውን አጥበው ይወጣሉ። እንዲህ ያለው ተራ ሲወጣ ቀኖቹ ቶሎ ይሞላሉ። ባዶ ሆኖ የሚቆየው የሌሊቱ መስመር ነው፤ እሱን የምትሞላው ብዙ ጊዜ ከሁለተኛ ሺፍት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ የምትወጣ፣ ራሷም በዚሁ ሰፈር ብቻዋን አራስ የነበረች ሴት ናት።